ባለ አረንጓዴ ቀለበቱ መቆንጠጫ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ቀለም የለውም። ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት፤ በመብራቱ ብርሃን አየሁት። ተራ ብረት ነው። ከሃያ ሦስት ባለ አረንጓዴ መሣሪያዎች መሐል አንድ ቀለም የሌለው መቆንጠጫ ተኝቷል።

ዶክተር ሰይድ የታካሚዋን ሆድ በጨርቅ እየከለለ ስለነበር ፊቴን አላየም። «ሲስተር፣ ሙሉ ነው?» አለኝ። ቁጥሩ ሃያ አራት ነው። «ሙሉ ነው» አልኩ። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። እኔ ግን ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ እጄ ብቻ ነበር እዚያ የነበረው፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ነገሩን ለራሴ በሥርዓት ልጻፈው፤ አለዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ወፍጮ ሲዞር ሊያድር ነው።

የኦፕራሲዮን መሣሪያዎቻችን ባለ ቀለም ናቸው። አረንጓዴ በኦፕራሲዮን ለማዋለድ፣ ቀይ ለሌላው የሆድ ሥራ፣ ቢጫ ለአጥንት፣ ሰማያዊ ለትንንሹ። ቀለሙ ያለው ጣት በሚገባበት ቀለበት ላይ ነው። ተራ ቅብ አይደለም። ሴራሚክ ነው፤ እንደ ስኒ፣ ብረቱ ላይ በእሳት የተጋገረ። ከዚያ በፊት በየቀለሙ ፕላስተር እንጠቀልልበት ነበር። ፕላስተሩ እንፋሎት ሲመታው ይላላል፤ ሥሩ ደም ይቋጥራል። አንድ ሰሞን ደግሞ እኔው ራሴ ከሱቅ የጥፍር ቀለም ገዝቼ ቀባሁት። እሱም ተቀረፈና ቅርፊቱን ደም መጥረጊያው ጎዝ ላይ አገኘነው። ዶክተር ሰይድ «ሲስተር ዓለሚቱ፣ የሰው አንጀት ልታስውቢልን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሴራሚኩ ግን ስንቴ ታጥቦ፣ ስንቴ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ አንድም ቦታ አልተነካም። የለመንኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፌ ነው የመጣው። በመጣ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ «ከእንግዲህ የሚቀላቀል የለም፣ የሚጠፋም የለም» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

አረንጓዴው ስብስብ ከዛሬ በፊት የተከፈተው ባለፈው ረቡዕ ነው። ይታይሽ የምትባል ልጅ፣ ከወግዲ በኩል የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇ። ወንድ ወለደች። ደሟ አልቆም ብሎን ነበር። መብራት በቀትር ሄደ፤ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። በስልክ መብራት ነው የሰፋናት። ቅዳሜ ደህና ሆና ወደ ቤቷ ሸኘናት።

የቆጠራ ቅጹን ከፋይሏ አውጥቼ አየሁት። ሁለት ቆጠራ ይላል፤ ሆድ ከመከፈቱ በፊትና ሆድ ከመዘጋቱ በፊት። ሃያ አራት፣ ሃያ አራት። ሁለቱም ጋ የእኔ ፊርማ።

ሁለተኛውን አልቆጠርኩም። ይኸው ጻፍኩት። ዶክተር ሰይድ «ሲስተር፣ ልዝጋ?» ሲለኝ «ዝጋ» አልኩት። በአንድ እጄ ስልክ ይዤ ነበር፣ በሌላው ጎዝ። ሲያልቅ ፈረምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቆጥር ኖሬ፣ ያን ቀን አልቆጠርኩም።

ባለ አረንጓዴው መቆንጠጫ የት ነው?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

የፈለግሁባቸው ቦታዎች፦ ቀዩ ስብስብ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። የማዋለጃ ክፍሉ ሳህኖች። የልብስ ማጠቢያው። የኦቶክሌቩ፣ የእንፋሎት መቀቀያው፣ ሥር። የቆሻሻ ማቃጠያው አመድ፤ በእንጨት ቆፈርኩት፣ አንድ መርፌና አንድ ቁልፍ ወጣ። ፍራሽ ሁሉ አስነሣሁ። «ምን ጠፋብሽ?» ለሚለኝ «ቀለበቴ» እያልኩ። ቀለበት የለኝም፤ ከተፋታሁ ስንት ዘመኔ።

ከዚያ እትዬ ፋጤን ማጠቢያው ጋ አገኘኋት። መሣሪያ የምታጥበው እሷ ናት። አሮጌ መቆንጠጫ አረንጓዴው ውስጥ ማን እንደጨመረ ስጠይቃት እጇን ከውኃው አወጣችና በሽርጧ ጠረገች። እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች ነገረችኝ።

«ረቡዕ ሳጥበው ሃያ ሦስት ሆነብኝ። ያኔ መቀሱ ሲጎድል የጮኽሽብኝ ጩኸት ትዝ አለኝ። ከአሮጌው መሳቢያ አንዱን ጨመርሁበት። ወላሂ፣ ሙሉ ይሁን ብየ ነው እንጂ ክፋት አስቤ አይደለም።»

አልጮኽኩም። ምን አፍ አለኝና! መቀሱ ጠፋ ብዬ በሰው ፊት ያዋረድኳት እኔ ነኝ፤ መቀሱም በኋላ የተገኘው የእኔው ጋውን ኪስ ውስጥ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅኳትም ነበር። ዛሬ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ሲነሣ ሃያ ሦስት ነበር ማለት ነው።

አንድ ተስፋ ቀረኝ። ሕፃኑ ሲወጣ እትብቱን በሁለት መቆንጠጫ ይዘን መሐሉን እንቆርጣለን። አንደኛው ከሕፃኑ ጋር አብሮ ወደ አዋላጁ ይሄዳል፤ አዋላጁ እትብቱን በክር አስሮ መቆንጠጫውን ይመልሳል። አዋላጁ ብርሃኑ ነበር። ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ሐቀኛ ነው፤ አሰበ፣ ግንባሩን አሸ። «መለስኩት መሰለኝ» አለ። መሰለኝ የሚለውን ቃል ዛሬ እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም።

እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መቆንጠጫው ከሕፃኑ ጋር ወጥቶ የሆነ ቦታ ወድቋል። ወይ ይታይሽ ሆድ ውስጥ ነው። ዕንቅብ ሙሉ ምክንያት ብደረድር ሦስተኛ የለውም።

ሆድ ውስጥ የቀረ ብረት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሳምንት፣ ወር። ከዚያ አንጀት ይበሳል።

ለዶክተር ሰይድ አልነገርኩትም። ምክንያቶቼ፦ ጠዋት ስብሰባ ነበረው። ከሰዓት ታካሚ በዝቶበት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከዞን የጥራት ቡድን ይመጣል። ልጄ ደሴ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ከነርስነት ሌላ የምችለው ነገር የለም። አምስቱም እውነት ናቸው፤ አምስቱም ተደምረው አንድ ፈሪ ይወጣቸዋል።

ካርዷ ላይ ስልክ አለ፤ የእናቷ ቤት ስልክ ነው። ባሏ ሳውዲ ነው። ዛሬ ከሰዓት ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። አሥሩንም አኃዝ። ቆይቼ አጠፋሁት። ምን ልበላቸው? «ሆድሽን ያምሻል ወይ?» ብል ለምን ትላለች። ስትወጣ ትኩሳት አልነበራትም፣ ቁስሏ ደረቅ ነበር፣ በእግሯ ነው ግቢውን የወጣችው። አንድ ቀን ምን ያመጣል? ነገ በሰከነ ልብ እነግረዋለሁ።

ጾም ነው፤ ሽሮው አፌ ውስጥ አመድ ሆነብኝ። በላሁት እንጂ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ፋጤ አሳፈረችኝ።

ጠዋት ገና ሽርጤን ሳልታጠቅ መጣች። «የዚያች ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» አለች። እየፈለግሁ ነው አልኳት። «ትናንትም እየፈለግሽ ነበር። ሲስተር፣ እኔ ሌሊቱን ዱዓ ሳደርግ ነው ያደርሁት። አንች ካልነገርሽ እኔ እነግራለሁ። ሥራየንም ቢወስዱት ይውሰዱት፤ የሰው ነፍስ ነው።»

ይህቺ ሴት ፊርማዋ የጣት አሻራ ነው። እኔ ዲፕሎማ አለኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት የምስጋና ወረቀት አለኝ።

ዶክተር ሰይድ ቢሮው ነበር። ቆሜ ነገርኩት፤ ተቀመጪ ቢለኝም አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ «ቅጹ ሙሉ ነው ይላል እኮ» አለ። አልቆጠርኩም አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። እሱ ሰው ሲበድለው የሚቀልድ ሰው ነው፤ ዛሬ አልቀለደም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ አውቀሽ ረቡዕ ነው የምትነግሪኝ?»

ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አንሥቶ አገላበጠው። ቆይቶ «የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ቆጠርሽ ወይ አላልኩሽም። ልዝጋ ነው ያልኩሽ።» እንዲህ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጣኝ ቢያንስ የምይዘው ነገር ነበረኝ።

ወዲያው ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። በየሰዓቱ ደወልን፤ ዝግ ነው። ያለችበት ቀበሌ ኔትዎርክ ያስቸግራል ያሉን ሰዎች አሉ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት አምቡላንሱ መንገዱ እስከሚያልቅበት ይወስደኛል፤ የቀረውን በእግር። እሱ መምጣት አይችልም፤ ለኦፕራሲዮን ከእሱ በቀር ሰው የለንም። ይታይሽን ይዤ በዚያው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ እዚያ ራጅ ትነሣለች፤ የእኛ ማሽን ከመስከረም ጀምሮ እንደተሸፈነ ነው። ብረቱ ሆዷ ውስጥ ከታየ እዚያው ወይ ደሴ ይከፍቷታል። ካልታየ እግዜር ይመስገን።

ስወጣ ጠራኝ። «ሲስተር፣ አብሽሪ» አለኝ። ዓይኑ ግን ካርዷ ላይ ነበር።

ጓዜን አዘጋጀሁ፦ ጓንት፣ የሙቀት መለኪያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ፀረ ተሕዋስ፣ ግሉኮስ ሁለት፣ ዳቦ። አራስን ከቤት ማስወጣት ቀላል አይደለም። ገና ክርስትና አልተነሣም፣ ገና በስምንት ቀኗ ብርድ ይመታታል፣ ሰው ዓይን ይጥልባታል ይሉኛል። ምን ብዬ እንደማሳምናቸው ስለማመድ ዋልኩ። እውነቱን ብነግራቸው ይሻላል ወይስ «ለምርመራ ነው» ልበል? አልወሰንኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ተመልሼያለሁ። ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ጉም ነበር። አምቡላንሱ እስከ ድልድዩ አደረሰኝ፤ ሹፌሩ እዚያው ቀረ። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር። ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። ገብስ እያበራዩ ነው፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ገለባው ይነሣል። ቤቱን ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ «የሴትየዋን የወርቄን ቤት ነው? ከባሕር ዛፉ ሥር» አሉኝና ሌላ ነገር ሊሉ አስበው ተዉት። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ቸኩዬ ነበር።

ደጁ ላይ ሰው የለም። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። እማማ ወርቄ፣ የይታይሽ እናት፣ ወጡ። አወቁኝ። «የሐኪም ቤቷ ልጅ! አፊያ ነሽ? ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉኝ። ድምፃቸው ሰለል ያለ ነበር። ከድካም ነው አልኩ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ይታይሽ ከመጋረጃው ጀርባ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ እስከ አገጯ ተሸፋፍናለች። ሰላም አልኳት፤ በራሷ ብቻ መለሰችልኝ። ሙቀቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። ሆድሽን ያምሻል? አያመኝም። ያስመልስሻል? የለም። ነካ ነካ አደረግኩት፤ ለስላሳ ነው። ቁስሉ ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ ምንም ማለት አይደለም፤ ብረት በሳምንቱ ላያሳምም ይችላል። «አንድ ምርመራ ስለቀረን ነው የመጣሁት፤ ተነሥተሽ አብረን…» እያልኩ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ጭብጥ አድርጋለች። ከጣቶቿ መሐል አረንጓዴ ታየኝ።

አራስ ብረት ትይዛለች። እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ እናቴ እኔን ስትወልድ ማጭድ ከራስጌዋ አልተለየም። አራስ ያለ ብረት ደጅ አትወጣም፣ ያለ ብረት አትተኛም፤ ክፉ እንዳይቀርባት፣ ልጁን እንዳይነካባት። አውቀዋለሁ። አመድ ስቆፍር፣ ፍራሽ ሳስነሣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ ያደረግኩትን መጻፍ አለብኝ። እልል አልኩ። ሳላስበው፣ ከሆዴ፣ ሦስት ጊዜ። ጭንቅላቷን ይዤ ሳምኳት። «ተመስገን! ተመስገን! እጅሽ ላይ ነው!» እያልኩ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እማማ ወርቄ መጋረጃው ጋ ቆመው ነበር። «ተይ ልጄ» አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉኝ፤ አልተቆጡም። «እልል የሚባልበት ቤት አይደለም። ልጁ ትናንት ጠዋት ሞቷል።»

መደቡን አየሁት። ከይታይሽ ጎን ቦታው ባዶ ነው። ቤቱ ከገባሁ ጀምሮ የሕፃን ድምፅ አልሰማሁም፤ እንደዚያ ያለ ነገር እንዴት አያስተውል ነርስ? የብረት ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው።

ተቀመጥኩ። እማማ ወርቄ ከጎኔ ተቀመጡና ነገሩኝ፤ ለሌላ ሰው የደረሰ ነገር የሚያወሩ ይመስል።

ሰኞ ደህና ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጡት እምቢ አለ። በቀትር ገላው እሳት ሆነ። ወንዶቹ ሁሉ አጨዳና አውድማ ላይ ናቸው፤ ተሸካሚ እስኪሰበሰብ መሸ። «ስልኩ ክፍት ነበር» አሉኝ። «እፊቴ አስቀምጨው ስመለከተው ዋልሁ። ለእናንተ እንዳልደውል የማንን ቁጥር አውቄ? እንደው ከሐኪም ቤት አንድ ሰው ቢደውል፣ እንዴት ናችሁ ቢለን እያልሁ።» ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ቄሱን ጠርተው፣ ቄሱ ሊያጠምቁት ሲደርሱ አልፏል። ክርስትና ስላልተነሣ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ከጓሮ ተቀበረ። ለቅሶም አልተቀመጡም፤ ለእንዲህ ያለው አይቀመጡም። ስልኩን ያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። አባቱ በየቀኑ ከሳውዲ እየደወለ «ፎቶ ላኩልኝ» ይል ነበር። እስካሁን አልሰማም።

ካርዱ ላይ የእነሱ ቁጥር አለ። የእኛ ቁጥር የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርድ ስሰጥ አንድ ቀን አላሰብኩትም።

መቆንጠጫውን እንዴት እንዳገኙት እኔ ሳልጠይቅ ነገሩኝ። ብርሃኑ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ሲሰጣቸው መቆንጠጫው እጥፋቱ ውስጥ ነበር። ከቤት ሲነሡ በጥድፊያ ቢላዋውን ረስተው ነበርና የልጃቸው እጅ ባዶ መሆኑ ሲያሳስባቸው ነበር። «እትብቱን የያዘ ብረት ነው፤ እግዜር ራሱ የሰጠኝ ነው ብየ ዝም አልሁ። መስረቅ አልመሰለኝም ልጄ። የእናንተ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

ይቅር በይኝ አሉኝ። እኔን።

ይታይሽ ከመጣሁ ጀምሮ ከሁለት ቃል በላይ አልተናገረችም። ልወጣ ስነሣ እጇን ዘረጋች። «ውሰጅው» አለችኝ። «አይ፣ ይቆይ፤ እስክትጠነክሪ ይቆይ» አልኳት። «ውሰጅው። አልጠበቀልኝም።»

ሞቅ ያለ ነበር፤ ስትጨብጠው ነው የዋለችው።

የስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ለእማማ ወርቄ ሰጠኋቸው። ሰኞ እንዳወቅኩ፣ ማክሰኞ ቁጥራቸውን ስልኬ ላይ ጽፌ እንዳጠፋሁት አልነገርኳቸውም። ሊሸኙኝ እስከ አጥሩ ወጡ። «ስለ ልጄ ብለሽ ይኸን ሁሉ መንገድ መጣሽ፤ ወልደሽ ሳሚ» ብለው መረቁኝ። ልጅ እንዳለኝ አያውቁም።

አምቡላንሱ ውስጥ ሹፌሩ «ተገኘ?» አለኝ። ተገኘ አልኩት። «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ መሪውን በደስታ መታው። እንዳያወራኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ለዶክተር ሰይድ ሁሉንም ነገርኩት። መቆንጠጫውን ሲያይ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ዓይኑን ጨፈነና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ስለ ሕፃኑ ስነግረው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «የጨቅላ ኢንፌክሽን ነው የሚሆነው» አለ። «ማክሰኞ ቀን ቢመጣ…» ብሎ አቋረጠው። እኔ ጨረስኩለት፦ ማክሰኞ ቀን ቢመጣ መርፌ ነበረን። አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ፤ ጠዋት ቆጥሬዋለሁ።

«ይድን ነበር አልልሽም» አለኝ። «አይድንም ነበርም አልልሽም።»

የአደጋ ሪፖርቱን ራሴ ጻፍኩ። ፋጤ አሮጌ መቆንጠጫ የጨመረችበትን ቦታ ስደርስ «የክፍሉ ኃላፊ ስለምትጮኽባት» ብዬ ጻፍኩ፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። እውነት ነው። ሁለተኛውን ቆጠራ አልቆጠርኩም ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ አውቄ ረቡዕ ተናገርኩ ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ «የደረሰ ጉዳት» የሚል ሳጥን አለ። መሣሪያው ተገኝቷል፣ እናትየው ደህና ናት፤ በቅጹ ሕግ «የለም» ነው የሚሞላው። ሳጥኑን ባዶውን ተውኩት። ዶክተር ሰይድ አየው፤ ምንም ሳይል ፈረመ።

ፋጤን ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ መቀሱ ጀምሬ ነው የጠየቅኳት። አፍራ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ስለ ሕፃኑ ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ኢናሊላሂ» እያለች አለቀሰች። እኔ ከመጣሁ አላለቀስኩም፤ እዚያ ቤት እልል እያልኩ ካነባሁት በቀር።

መቆንጠጫውን ራሴ አጠብኩት። በብሩሽ፣ በማጉያ መነጽር እያየሁ። የገብስ እብቅ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሴራሚኩ ጭረት እንኳ የለውም። ወደ ኦቶክሌቩ አስገባሁት፤ ከሃያ ሦስቱ ጋር። አሮጌውን አውጥቼ ጣልኩት። ለጥራት ቡድኑ እንከን አይገኝብንም።

ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነገር አዘዝኩ። ቆጠራው በቁጥር ብቻ ሳይሆን በቀለምም ድምፅ ወጥቶ እንዲጠራ። ሁለተኛ፣ ካርድ ሁሉ ላይ የእኛ ስልክ ቁጥር እንዲጻፍ። የራሴን ቁጥር ነው የምጽፈው፤ የቢሮው ስልክ ተቆርጧል። ሠላሳ ሁለት ካርድ ላይ በእጄ ጻፍኩ። ማንም አላመሰገነኝም፤ ደግ አደረጉ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

እማማ ወርቄ ደወሉ። ገበያ ወጥተው፣ ኔትዎርክ የማይቆራረጥበት ጉብታ ላይ ሆነው። ይታይሽ ጡቷ አብጦ ያማታል፤ ምን ላድርግላት አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ከዚያ ይኸን፣ ከዚያ ያን። ሰምተው ጨረሱ፤ ስልኩን ግን አልዘጉም። የገበያው ጫጫታ ይሰማኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉ። «ለአባቱ አንች ንገሪልኝ። እኔ አፌ አልፈታ አለ። የሐኪም ቃል ያምናል። ሌላ ሰው ቢነግረው ልጄን አልጠበቃችሁልኝም ብሎ ይቀየማታል።»

እምቢ ልላቸው አስቤ ነበር። ሥራዬ አይደለም፤ ይህን የሚያረዳ ዘመድ ነው፣ በሥርዓቱ፣ ጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ። ግን እሱ ያለበት አገር የሚሰበሰብለት ሰው ማን ነው? ቁጥሩን ተቀበልኳቸው።

ሦስት ጊዜ አስቤ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው። ከጀርባው የግንባታ መኪና ይጮኻል። ማን መሆኔን ነገርኩት፤ ካዋለዷት አንዷ ነኝ አልኩት። «እሰይ! እሰይ! ፎቶ አነሣሽልኝ?» አለ። ጸጥ ወዳለ ቦታ እንዲሄድ ለመንኩት። የሚራመድበት ድምፅ ይሰማኛል። ወዲያው ገባው መሰለኝ፤ እየሄደ መተንፈሱ ተለወጠ።

ነገርኩት።

አልጮኸም። ስለ እሷ ጠየቀ፤ ደህና ናት ወይ አለ። ደህና ናት አልኩት፤ ምንም ጥፋት የለባትም፣ የእናቷም ጥፋት የለም፣ ይኸን እንደ ሐኪም ነው የምነግርህ አልኩት። «መቼ ነው የታመመው?» አለ። «ማክሰኞ» አልኩ። «ማክሰኞ ሐኪም አላየውም?» አለ። «አላየውም» አልኩ። ለምን ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። ከንፈሬ ላይ ነበር፤ ይጠይቀኝ እንጂ ልነግረው ነበር ብዬ ራሴን አምናለሁ፤ አላምንምም።

አልጠየቀኝም። አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። ሊያወጡለት የነበረውን ስም ነገረኝ። ከዚያ «ከሁሉ ሰው አንች ደውለሽ ነገርሽኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ እኅቴ» አለና ዘጋው።